ሰማያዊውን አጥፊው

መስከረም 20

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ እጅሽ ይግባ። አባባ እንዴት ናቸው? ዓይናቸውስ? የአንቺ አባት፣ የእኔ ግን አጎት መሆናቸው ትዝ የሚለኝ ቅጽ ስሞላ ብቻ ነው፤ አንቺንም እኔንም በአንድ ቤት ያሳደጉን እሳቸው ናቸውና በየቀኑ በሐሳቤ አሉ። እኔ ደህና ነኝ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለምትከፍቺው የጽሕፈት ማስተማሪያ ክፍል የሚሆኑት አሥሩ ኮምፒውተሮች መርከብ ላይ ተጭነዋል። አሮጌ ናቸው ብለሽ እንዳትንቂያቸው፤ አንድ በአንድ ከፍቼ፣ አቧራቸውን ጠርጌ፣ የደከመውን ዕቃ ለውጬ ነው የላክኋቸው። የሰጠን የነጻ ሶፍትዌር ማኅበራችን ነው። ስለ ማኅበሩ እስኪሰለችሽ አውርቼልሻለሁ፤ ማንም ሰው ውስጡን አይቶ፣ እንደፈለገ ለውጦ፣ ለጎረቤቱ ሊሰጠው የሚችል ሶፍትዌር በትርፍ ጊዜያችን የምንጽፍ ሰዎች ነን።

ስጦታው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ጊዜ እንዳይፈጅ ብዬ በአንቺ ስም ፈርሜበታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመጣው፣ መስኮቱንና ምልክቱን ሁሉ የያዘው ገበታ ዴስክቶፕ ይባላል። ከማሽኖቹ ጋር የላክሁት ሲዲ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ መደቡ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሰማያዊው ያምራል፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን የቆመው የአንድ ኩባንያ ንብረት በሆነ መሠረት ላይ ነው። ኩባንያው "ያለ ክፍያ ተጠቀሙበት" ይላል፤ "አሻሽላችሁ ለሌላው አካፍሉ" ግን አይልም። ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ሁላችንም እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን እንቀራለን። አረንጓዴው ገና ድክ ድክ የሚል ነው፤ ይወድቃል፣ ይነሣል። ግን ከላይ እስከ ታች የእኛ ነው። ሜኑዎቹን በቋንቋችን የተረጎምኩትም እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ በክፍልሽ የሚሠራው አረንጓዴው ብቻ ይሁን። በየወሩ የተበላሸውን ሁሉ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አስተካክለን ለሁሉም እናካፍላለን። የአባባ ምርቃት አይለይሽ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 28

ወንድም ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለህበት ሰው አያሳጣህ፤ ሰውነትህም እንደ ደብዳቤህ የጠነከረ ይሁን። ሳጥኖቹ ደርሰዋል። አንዷ ስክሪን ጥግዋ ተላልጧል እንጂ የተሰበረ የለም።

አባባ የልብስ ስፌት ሱቃቸውን ለቀውልኛል። ዓይናቸው የመርፌ ቀዳዳ ማየት ከተወ ወዲህ ሰው ቁልፍ ትከሉልኝ ብሎ እንኳ ሲመጣ ይደበቁ ጀምረው ነበር፤ አሁን ግን "ልጄ ሥራ ልትጀምርበት ነው" ማለቱ ኩራት ሆኖላቸዋል። መቁረጫ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን ማሽኖቹን ደረደርንባቸው። አባባ የልብስ ልክ ያሰመሩበት ጠመኔ ከጠረጴዛው ላይ አልጠፋም። አንደኛዋ ኮምፒውተር የተቀመጠችው የአንድ ወፍራም ሰውዬ ትከሻ ላይ ነው።

አሥር ሴቶች ተመዝግበዋል። የማዘጋጃ ቤቱ የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ መጥተው አይተውናል። ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር ሊሸጋገሩ ስለሆነ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ፈተናውን እዚሁ በእኛው ማሽን ይሰጣሉ፤ ደብዳቤ ጽፎ፣ አስተካክሎ፣ አትሞ ማስረከብ ነው። ያለፈች ትቀጠራለች። ሦስት ዙር በደንብ ካሳለፍን ክፍሉ የመሥሪያ ቤቱ ማሰልጠኛ ይሆናል፤ እኔም የወር ደመወዝ ያላት አስተማሪ እሆናለሁ። ከሰው ደጅ ጥናት የምገላገልበት ቀን መጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር አለ። ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ ሲዲውን ሲጭን መጀመሪያ የመጣለት ሰማያዊው ነበር። አብሮ የመጣውን ማተሚያ፣ ፕሪንተሩን ሰካበት፤ አወቀው፤ ወረቀቱ ወጣ። ሰማያዊውን ገና ሳላስጠፋ፣ እንደ ትእዛዝህ አረንጓዴውን አስጫንኩ። እሱ ላይ "አትም" ስንለው ስክሪኑ ድርቅ ይላል። የተጻፈውም አብሮ ይጠፋል። አንዳንዴ ያትማል፤ አንዳንዴ አያትምም። ጠባዩ አልገባንም።

የኩባንያውን የአጠቃቀም ፈቃድ ነገር ለአባባ አስረዳኋቸው። ካንተ ጋር ይቆማሉ ብዬ ነበር። "እኔ የሰፋሁትን ኮት ሌላ ሰፊ ሲፈታው ደሜ ይፈላል፤ ሰዎቹ አትንኩብን ማለታቸው ምን ነውር አለው?" አሉኝ። እንግዲህ ልቆጣ ብትል እሳቸውን ተቆጣ።

ለፈተናው ቀን ብቻ ሰማያዊውን ብንጠቀምስ? አንተ እንዳልክ ይሁን።

እህትህ

*

ጥር 15

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይራቅ። የትከሻውን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አባባን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ክርክሩን ግን ስመጣ እንጨርሰዋለን በያቸው።

የጠየቅሽኝን አስቤበታለሁ። "ለፈተናው ቀን ብቻ" የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር የሚገባው በዚያ በር ነው። ዛሬ ያትምልናል ብለን ከወሰድነው ሴቶቹ እጃቸው የሚለምደው እሱን ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚለምደው እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያው "ክፈሉ" ቢል የአንድ ከተማ ጽሕፈት ቤት መፈናፈኛ ያጣል። ይህን የምልሽ ስለምወድሽ ነው። ሥራሽ በሰው መልካም ፈቃድ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

ደግሞም በስምሽ ቃል ገብቻለሁ። እዚህ ሰው የሚያውቀኝ በቃሌ ነው። "የገዛ እህቱ እንኳ አትሠራበትም" ቢባል በምን ፊቴ እነሱ ፊት እቆማለሁ?

ሰማያዊውን አጥፊው። ከሁሉም ማሽን ላይ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ለራሱ ያስቀረው ካለም ጨምሮ። ከዚህ ጋር ማስተካከያ ያለበት ዲስክ ልኬያለሁ፤ የማተሙን ችግር ሊቀንሰው ይገባል። ልብ አድርጊ፣ "አትም" ካላችሁ በኋላ ማውዙን አትንኩ።

ወንድምሽ

*

ሚያዝያ 6

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ቆመን እንሄዳለን፤ ምስጋና ይድረሰው።

እሺ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ዲስክህንም አስጭነናል። ፈተናው ባለፈው ሐሙስ ነበር።

ጣት የምንላት ሴት አለች። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች፤ አውቶማቲክ ሲገባ አሰናበቷት። ባሏ የለም፤ ሁለት ልጆች አሏት። ስትጽፍ ኪቦርዱ ላይ ዝናብ የጣለ ይመስላል፤ ስሙን ያወጣንላት ለዚያ ነው። እሷ ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ "አትም" አለችው። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ማውዙን እንዳትነካ ነግሬያታለሁና። ስክሪኑ ደረቀ። አጥፍተን ከፈትን፤ የጻፈችው የለም። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና ደረቀ። ኃላፊው ከኋላዋ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ። ሦስተኛውን ስትጀምር "በቃ ልጄ፣ ጊዜው አልቋል" አሏት፤ በጣም በለሆሳስ ነው ያሏት፤ እሱ ነው የባሰ ያንገበገበኝ።

ከአሥሩ ወረቀት ይዘው የወጡት ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዷ በክፍሉ ከሁሉም ሰነፏ ናት፤ ጨርሳ ያልጻፈችውን ገጽ ነው ያተመችው። እሷም ተቀጥራለች።

ኃላፊው ሲወጡ "ማሽኖቹ አይረቡም ወይስ አስተማሪዋ?" ብለው ለጸሐፊያቸው ሲናገሩ ሰማሁ። ሁለተኛ ዙር እድል ሰጥተውናል፤ ያም ካልሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ለሴቶቹ ምን ልበላቸው? ፈቃዱ ንጹሕ ነው ልበላቸው?

ሳልረሳው፣ አንተ በሥራ ቦታህ የምትሠራው በየትኛው ነው? በሰማያዊው ወይስ በአረንጓዴው? ጣት ናት ጠይቂልኝ ያለችኝ።

እህትህ

*

ሐምሌ 2

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

ሥራ ወጥሮኝ ሳልጽፍ ከረምኩ፤ ይቅር በይኝ። ፈጣሪ ቤታችሁን በደስታ ይሙላው።

የፈተናው ነገር በጣም አሳዝኖኛል። ጣት ላልሻት ሴት ወንድምሽ አዝኗል በያት። ነገር ግን እህቴ፣ ቅሬታ ሌላ፣ የስህተት ዘገባ ሌላ ነው። "ስክሪኑ ደረቀ" ብሎ መጻፍ ለእኛ ምንም አይነግረንም። የፕሮግራሙ ስንተኛው እትም ነው? ከመድረቁ በፊት የትኛው መስኮት ክፍት ነበር? ጽሑፉ ስንት ገጽ ነበር? እነዚህን ብትጽፊልኝ ኖሮ እስካሁን ተስተካክሎ ነበር። በሚቀጥለው እትም ላይ የማተሚያው ክፍል እንደ አዲስ ይጻፋል። ትንሽ መታገሥ ነው።

ማኅበራችን የሚያወጣት መጽሔት ስለ ክፍልሽ መጻፍ ትፈልጋለች። ሴቶቹ በአረንጓዴው ገበታ ፊት ተቀምጠው የሚያሳይ ፎቶ ላኪልኝ። አሥሩም ስክሪን ቢታይ ደስ ይለኛል። ዘገባውንም አትርሺ፤ በየወሩ ብዬሽ የመጣልኝ ሁለት ነው።

ወንድምሽ

*

መስከረም 30

ወንድም ጋሼ፣

አዲሱ ዓመት የልብህን ያድርስልህ። እኛ በጣም ደህና ነን።

ሁለተኛው ዙር ተፈተነ። ከአሥሩ ዘጠኙ አለፉ። ጣት በድጋሚ ተፈትና አንደኛ ወጣች፤ ማዘጋጃ ቤት ገብታለች። በማግሥቱ አዲስ ጫማ አድርጋ መጥታ አባባን እጃቸውን ሳመች። ኃላፊው ሻይ እየጠጡ ከአባባ ጋር ሲጫወቱ አመሹ፤ የሦስተኛው ዙር ፈተና ግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሉን እንፈራረማለን አሉ። አባባ ሱቁ እንደ ድሮው ሰው ሰው ሸተተ ብለው ጧት ጧት በር አጠገብ ተቀምጠው የኪቦርዱን ድምፅ ያዳምጣሉ። ማን እንደምትጽፍ በድምፁ እለያለሁ ይላሉ። ይዋሻሉ፤ ግን ደስ ይላቸዋል።

ዘገባውን እነሆ። ማተሙ ተሻሽሏል። አዲስ ያየነው ነገር፣ ከስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት ማውዙ ላዩ ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ይበዛል። ፎቶውን ለመላክ ፎቶ አንሺያችን ታሞብናል፤ ሲድን እናየዋለን።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ዘጠኝ ከአሥር፣ በአረንጓዴው። ለዚህ ነው የምንለፋው። በስብሰባ ሁሉ "የእህቴ ክፍል፣ የእህቴ ክፍል" እያልኩ ሰው አስመርሬያለሁ።

የሰዓቱ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሰዓቱ የተጻፈበትን የፕሮግራም ኮድ መስመር በመስመር አየሁት። ማውዙን ላዩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ አይቆጥርም። ምናልባት ከፀሐዩና ከኤሌክትሪኩ መለዋወጥ ጋር ይያያዝ ይሆን እያልኩ አንድ ማሽን ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጬ ሞክሬያለሁ። በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ስለዚሁ ገለጻ እንዳደርግ ተመርጫለሁ። አንድ የገጠር ስሕተት፣ ማንም ቤተ ሙከራ ሊያገኘው የማይችል፣ በተጠቃሚ ሴቶች የተገኘ። ይህ ነው ነጻነት ማለት።

ደስ የሚል ዜናም አለ። የሥራ ባልደረባዬና የማኅበራችን አባል የሆነ ሰው ለሥራ ወደዚያ ይመጣል፤ ጥር መጨረሻ ላይ ደጃችሁን ያንኳኳል። ፎቶውንም እሱ ያነሣል።

ወንድምሽ

*

ጥር 10

ወንድም ጋሼ፣

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ። የዓመት ፈቃድህን ለሰዓት ባታውለው ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር። ሰዓቱ ድኗል። ራሱ ነው የዳነው። በጉባኤው ስለ ሌላ ነገር ብታወራ አይሻልም?

ለባልደረባህ በዚህ ወቅት እንዳይደክም ንገረው። ክፍሉን ቀለም እያስቀባን ነው፤ ሽታው ሰው አያስቀርብም። ሴቶቹም እረፍት ላይ ናቸው።

እህትህ

*

የካቲት 25

እህቴ፣

ባልደረባዬ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ መጥቶ ሄዷል። ቀለም የሚባል ነገር አላየም። አሥር ሴቶች በአሥር ሰማያዊ ገበታ ላይ ሲጽፉ ነው ያየው። አስተናግደሽዋል፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ፎቶውን አንሥቷል፤ ሲመለስ ግን እንዳላፍር ብሎ ለእኔ ሳያሳየኝ ቆየ።

ስለዚህ በጉባኤው መድረክ ላይ የወጣሁት ምንም ሳላውቅ ነው። ስለ ሰዓቱ ገለጻ ማድረግ ጀመርኩ። ሰዓቱን የጻፈው ሰው ራሱ ከአዳራሹ መሐል ተነሥቶ "ይህ ሰዓት የሚያነበው የማሽኑን ሰዓት ነው፤ ወደ ኋላ መቁጠር ቢፈልግ እንኳ አይችልም" አለ። ተከራከርኩት። እህቴ በዓይኗ አይታለች አልኩ። ያን ጊዜ ነው ባልደረባዬ እጅጌዬን ጎትቶ፣ በጆሮዬ እያንሾካሾከ ፎቶውን ያሳየኝ። ከፊት የተቀመጡት አዩት። ሳቁ ከፊት ተነሥቶ እስከ ኋላ ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ ያላየሽውን ስሕተት ስፈልግ ከረምኩ። እንዴት ቻልሽበት? ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?

በሥራ ቦታ በምን እንደምሠራ ባልደረባዬን ጠይቀሽው ነግሮሻል። አዎ፣ መሥሪያ ቤቱ ገዝቶ ያስቀመጠውን ዝግ ሶፍትዌር ነው የምጠቀመው። እሱ የኑሮ ጉዳይ ነው፤ ከመርህ ጋር አታያይዢው።

ማኅበሩ የወሰነው ይህ ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ሰማያዊውን አጥፍታችሁ አረንጓዴውን ካልመለሳችሁ ማሽኖቹ ቃሉን ለሚያከብር ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 20

ወንድም ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። አባባ ደህና ናቸው፤ የጻፍከውን አላነበብኩላቸውም።

ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት ትላለህ። ጠየቅሁህ እኮ። ለፈተናው ቀን ብቻ ብዬ ጠየቅሁህ፤ አጥፊው አልከኝ። አጠፋሁት፤ ስምንት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ከዚህ ክፍል ወጡ። እንደገና ጻፍኩልህ፤ ስንት ገጽ ነበር ብለህ ጠየቅኸኝ። ከዚያ በኋላ ነው የጫንኩት። የሰዓቱን ነገር ያወጣችው ጣት ናት። ዘገባ ካልላክሽለት ይጠረጥርሻል፤ ማንንም የማይጎዳ ነገር ፈልጊለት አለችኝ። ማሽን ማሞቂያ አጠገብ ታስቀምጣለህ ብሎ ማን አስቦ። ስትጽፍልኝ አፍሬ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬያለሁ፤ ደግሞ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በነጋታው ለጣት ስነግራት ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

በመድረክ ላይ ስላፈርክ አዝኛለሁ። ከልቤ ነው። ግን የአዳራሽ ሳቅ ወጥተህ ስትሄድ ይቀራል። የእኔዎቹ ያፈሩት ነገ የሚበሉትን የሚወስን ሰው ፊት ነው።

የኑሮ ጉዳይ ነው አልከኝ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቀኝ። አንተ ጧት ተነሥተህ በተዘጋው ሶፍትዌር ደመወዝህን ትሠራለህ፤ ማታ ቤትህ ገብተህ ንጹሕ ትሆናለህ። እኔ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለኝ። ኑሮዬም መርሄም እዚያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ቦታ ሲጠባቸው የትኛው ይውረድ? ያንተን መርህ እኔ እንድከፍልልህ ነው የፈረምክልኝ። ቃሉን የሰጠኸው አንተ፤ እንድጠብቀው የተፈረደብኝ እኔ። ያኔ ስሜን ስትጽፍ ማን ጠየቀኝ?

ሐሳብህ ስህተት ነው አላልኩም። ምናልባት ኩባንያው አንድ ቀን ያስከፍለን ይሆናል። ያን ቀን እንቸገራለን። እነዚህ ሴቶች ግን የተቸገሩት ዛሬ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። ሦስተኛው ዙር ግንቦት መጀመሪያ ይፈተናል። አሥሩ ሴቶች እጃቸው ገና አሁን ነው የተፍታታው። እስከዚያ ብቻ ተውልን። ከፈተናው ማግሥት ማሽኖቹን ራሴ ጠቅልዬ፣ ራሴ አሸክሜ ለፈለግኸው አስረክባለሁ። ውሉን ከፈረምን መሥሪያ ቤቱ የራሱን ይገዛል። እስከ ግንቦት። እባክህ።

እህትህ

*

ሚያዝያ 12

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ። ጉዳዩ ከእጄ ወጥቷል። እኔ ዝም ብዬ ተቀምጬ ሌሎቹ ወሰኑ፤ በራሴ ቤተሰብ ጉዳይ ላይ ድምፅ መስጠት ተገቢ አይደለም ብዬ። ማሽኖቹን የሚረከቡ ሰዎች በቅርቡ ይመጣሉ፤ ሳጥኖቹን ጠብቀሽ ካኖርሽ ይጠቅማቸዋል።

ለአባባ እኔ ራሴ ጽፌ አስረዳቸዋለሁ።

ወንድምሽ

*

መስከረም 9፣ ከአንድ ዓመት በኋላ

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

አዲሱ ዓመት ለአንቺም ለአባባም የጤናና የዕርቅ ይሁን። ባለፈው ዓመት ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም፤ ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዛሬ ግን የምጽፍልሽ የምሥራች ነው።

አሸነፍን። ኩባንያው የሰማያዊውን መሠረት ፈቃድ ለወጠው። ከእንግዲህ ማንም አይቶ፣ ለውጦ፣ ሊያካፍለው ይችላል፤ ያውም እኛ በምንፈልገው ውል። ይህ የመጣው ስላልተበገርን ነው፤ አንቺም በመንገድሽ ዋጋ ከፍለሽበታል። እዚህ ሁሉም ሰማያዊውን እየጫነ ነው። እኔም ቤቴ ጭኜዋለሁ። ለካ ያን ያህል ያምራል። ፕሪንተሬን ስሰካበት ወዲያው አወቀው፤ አንቺን አስታወስኩሽ።

አሁን ያለ ምንም ስጋት፣ በንጹሕ ሕሊና ልትሠሪበት ትችያለሽ። ማኅበሩ በዚህ ወር አሥራ ሁለት ማሽኖች ያድላል፤ ካለፉት በጣም የተሻሉ ናቸው። ዕድሉ እንዳያመልጥሽ ብዬ በስምሽ አስመዝግቤያለሁ። ክፍሉን አዘጋጂ። ከአንቺ የምጠብቀው "እሺ" የምትል አንድ መስመር ብቻ ናት።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 2

ለአጎቴ ልጅ፣

ደብዳቤዎችህ ሦስቱም ደርሰውኛል። ፖስታ ቤቱን አትማው።

ሰዎቹ የመጡት ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ጫማቸውን ጠርገው ነው የገቡት። ሴቶቹ እየጻፉ ነበር። አንዷ "ይህችን መስመር ልጨርስ" አለቻቸው፤ ቆመው ጠበቋት፤ ጨረሰች፤ ከዚያ መሰኪያውን ነቀሉት። አባባ በር አጠገብ ሆነው "ምን ሆኑ፣ ለምን ቆሙ?" እያሉ ይጠይቁኛል። መብራት ሄደ አልኳቸው። ሁለት ቀን መብራት ጠፋ እያልኩ ቆየሁ።

እሳቸው ማንበብ እንደማይችሉ ረስተህ የጻፍክላቸውን ማብራሪያ ራሴ አነበብኩላቸው። አንድም ቃል ሳልዘል። ስጨርስ "ታዲያ ማሽኖቹ መቼ ይመለሳሉ አለ?" አሉኝ።

ማዘጋጃ ቤቱ ውሉን ለሌላ ማሰልጠኛ ሰጠው። እዚያ የሚያስተምሩበት ከገበያ የተገዛ፣ የሌላ ዝግ ሶፍትዌር የተሰረቀ ኮፒ ነው፤ ሰማያዊም አረንጓዴም አይደለም። ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም። ከሦስተኛው ዙር አሥር ሴቶች ሁለቱ እዚያ እንደ አዲስ ተመዘገቡ። የቀሩት ስምንቱ ክፍያውን አልቻሉም። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። እኔ ማዘጋጃ ቤት ገብቻለሁ፤ በጊዜያዊነት፣ መዝገብ ገልባጭ። አለቃዬ ጣት ናት። አስተማሪዋ ስለነበርኩ ታፍርብኛለች፤ ቀላል ቀላሉን ሥራ እየመረጠች ትሰጠኛለች፤ እሱን መቀበል ከከባዱ ሥራ ይከብደኛል። ሱቁን ፍራሽ ነጋዴ ተከራይቶታል። በሩ አጠገብ ወንበር ማስቀመጫ የለም፤ አባባ ጓዳ ነው የሚውሉት።

ፈቃዱ ተለወጠ አልከኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህና ልተውህ። ሰማያዊው ራሱ ምን ተለወጠ? ጣት የተፈተነችበት፣ አንተም ዛሬ ያማረልህ፣ ያው አንድ ነገር ነው። ምልክቱ ያው፣ መስኮቱ ያው፣ ፕሪንተር ማወቁም ያው። የኩባንያው ሰዎች አንድ ገጽ ወረቀት ለወጡ፤ እናንተም በአንድ ቀን ከኃጢአት ወደ ጽድቅ አዛወራችሁት። ለእኛ አንድ ወር መጠበቅ ያልቻላችሁት ሰዎች ለእነሱ ዓመታት ጠበቃችኋቸው። ዋጋ ከፍለሻል ብለኸኛል። እኔ አልከፈልኩም፤ ተከፈለብኝ።

አልተበገርንም የምትለውም እውነት ሊሆን ይችላል። አንተ ባትጮህ እነሱ ባልሰሙ ነበር ይሆናል። አላውቅም፤ ለማወቅም አቅሙ የለኝም። የማውቀው ስትጮህ የቆምክበት ቦታ የእኛ ጫንቃ እንደነበር ነው።

ከልጅነታችን ጀምሮ ታላቄ ነህና እሺ ስልህ ኖሬያለሁ። ስታጫውተኝም ስታስለቅሰኝም እሺ። አገር ጥለህ ስትሄድ የመሄድ ተራሽን ልቀቂልኝ አልከኝ፤ አባባን እኔ እጦራለሁ ብዬ እሺ አልኩ። ሰማያዊውን አጥፊው ስትለኝም እሺ ያልኩህ ስለ ፈቃድ ገብቶኝ አይደለም። እምቢ የሚለው ቃል ለአንተ ከአፌ ስለማይወጣ ነበር። ያኔውኑ ደፍሬ ብናገረው ኖሮ አንተም ባልተሳቀብህ፣ እኔም ባልዋሸሁ።

አሥራ ሁለቱን ማሽን ለሌላ ስጠው። ስሜንም ካስመዘገብክበት አስፍቀው። አንተ ማንበብ እንዳያስቸግርህ ለይቼ ልጻፍልህ፣

እምቢ።

የአጎትህ ልጅ